ዕፅዋት ልምረጥ ወይስ አፈር? ጅማ ላይ ዲፓርትመንት ለሚመርጥ ተማሪ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ልጨርስ ነው። ቤተሰቦቼ ጎማ ወረዳ ቡና አላቸው። ወደ ግብርናው መግባት እፈልጋለሁ። ግን የዕፅዋት ሳይንስ ልምረጥ ወይስ ወደ አፈሩ ልሂድ የሚለው አልለየልኝም። ኬሚስትሪ ላይ ብዙም አይደለሁም። አባቴ ደግሞ ‹እርሻ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል? ማሳው እዚሁ አለልህ› ይሉኛል። ጓደኞቼም ሥራ የለውም እያሉ ያስፈሩኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሐሳቤን ልንገርህ፤ ምክንያቱን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። አንዱን ምረጥ፣ ሌላውን ግን አትልቀቀው። ዕፅዋት ተምሮ አፈር የማያውቅ ሰው፣ አፈር ተምሮም ተክል አይቶ የማይለይ ሰው፣ ገበሬ ማሳ ላይ ሲቆም የሚናገረው ያጣል። ብዙ ጎበዝ ተመራቂ በዚህ ሲቸገር ስላየሁ ነው አጥብቄ የምነግርህ።

በማሳ ላሳይህ። ሐምሌ ላይ ከጅማ ወደ ሰርቦ ስትወጣ መንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎ ነው። ሜዳው ላይ ቢጫ የሆነ ማሳ አታጣም። ባለቤቱን አስፈቅደህ ግባበት። መጀመሪያ የታችኛውን ቅጠል ተመልከት። ቢጫው ከቅጠሉ ጫፍ ተነስቶ የመሃሉን ጅማት ይዞ ወደ አገዳው እየጠበበ የሚመጣ ከሆነ ተክሉ ናይትሮጅን አጥሮታል። ከታች የሚጀምረው ተክሉ ናይትሮጅኑን ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ስለሚያቀብል ነው። የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ ጠርዙ የተለበለበ ከመሰለ ፖታሲየምን ጠርጥር። ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ካደላ ፎስፈረስን ጠርጥር። ችግሩ አዲሱ ቅጠል ላይ ከሆነ፣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሃል መሃሉ ከነጣ፣ እንደ ብረት ያለ ከቅጠል ቅጠል የማይዘዋወር ንጥረ ነገር ነው የጎደለው።

እስከዚህ ድረስ የዕፅዋት ሰው ሥራ ነው። ናይትሮጅን አንሶታል ትላለህ፤ ልክ ነህ። ታዲያ የናይትሮጅን ማዳበሪያውን ዩሪያ ጨምሩ ብለህ ትሄዳለህ?

አትሂድ። አካፋ ተዋስና ሥሩን ቆፍር። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ዋልካ። የአካባቢው ገበሬ ኮቲቻ ይለዋል። ሁለት ስንዝር ሳትወርድ ውሃ ማቆር ይጀምራል። ጓሉን ስትሰብረው ግራጫ ቀለምና ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ታያለህ። እሱ ምልክት ውሃው በየክረምቱ እዚያ እንደሚተኛ ይነግርሃል። ሥሩ አየር አጥቷል። ናይትሮጅን አፈሩ ውስጥ ቢኖርም እንኳ የታፈነ ሥር በደንብ አይስበውም። ሌላም ጉዳይ አለ። አየር ባጣ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን፣ ማለትም ተክሉ የሚስበውን ናይትሮጅን፣ ወደ ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይለቁታል። ስለዚህ ገበሬው በስንት መከራ የገዛውን ዩሪያ ቢጨምርበት ብዙው ለተክሉ ሳይደርስ ይጠፋል። ይህ ማሳ መጀመሪያ የሚፈልገው ውሃው የሚወጣበት ቦይ ነው። ዩሪያው ከቦዩ በኋላ ይምጣ።

አሁን ደግሞ ወደ ዴዶ ከፍታ እንውጣ። አፈሩ ቀይ ነው፤ ጥልቅ ነው፤ ውሃ አያቁርም። ማሳው ላይ ያለው ገብስም ቀጭጯል። ነቅለህ ሥሩን እየው። አጭር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጫፉ ቡናማ ሆኗል፣ ቀጫጭኑ ሥር የለም ማለት ይቻላል። አፈሩ ኮምጣጣ ነው። የአፈር ፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነቱ መለኪያ፣ ከ5.5 በታች ሲወርድ (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ኮምጣጣነቱ ይብሳል) አሉሚኒየም እየሟሟ ይመጣና የሥሩን ጫፍ ይመርዘዋል። በዚያ ላይ አሉሚኒየሙና ብረቱ ፎስፈረሱን ጨብጠው ይይዙታል። ገበሬው ኤንፒኤስ የሚባለውን ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ ገዝቶ ይበትናል፤ ከፎስፈረሱ አብዛኛው እዚያው ታስሮ ይቀራል። «ማዳበሪያው መሬታችን ላይ አልሠራም» የሚሉህ ለዚህ ነው። እውነታቸውን ነው። እዚህ ማሳ ላይ ከማዳበሪያው በፊት ኖራ ያስፈልጋል።

ሁለቱም ቦታ ላይ ተክሉ ተጎሳቁሏል። መድኃኒቱ ግን አይገናኝም። ቅጠሉን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱንም ያከስራል። አፈር ላብራቶሪ ውስጥ ብቻ ያደገ ሰው ደግሞ ማሳው መታመሙን የሚያውቀው ገበሬው ምርት አጥቶ ሲመጣ ነው። ከዚህ ትምህርት ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ከቅጠል ወደ ሥር፣ ከሥር ወደ አፈር፣ ከአፈር ተመልሶ ወደ ቅጠል መሄድን አትርሳ።

እንግዲህ ዲፓርትመንት። ዕፅዋት ላይ ስትገባ ቦታኒ፣ የተክል ፊዚዮሎጂ፣ ዘረመል፣ ዝርያ ማሻሻል፣ የሰብል አመራረት፣ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ቡናና ቅመማ ቅመም፣ የተክል በሽታ፣ ነፍሳት፣ አረም እያልክ ትሄዳለህ። አፈሩ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ ዲግሪ ከተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ጋር ተጣምሮ ነው የሚሰጠው፤ ከተፋሰስ፣ ከውሃ ጥበቃ፣ ከደን ጋር። ራሱን ችሎ አፈር ሳይንስ ተብሎ በጥልቀት የምታገኘው በማስተርስ ነው። ስለዚህ ምርጫህ ዛሬ የሚዘጋ በር አይደለም። ዕፅዋት ተመርቀው አፈር ላይ ማስተርስ የሠሩ ሞልተዋል፤ ከእነሱም ጥሩ ጥሩ ባለሙያ ወጥቷል።

የእኔን ሐሳብ ከፈለግክ፣ ቤተሰቡ ቡና ላለው፣ ጅማ ላይ ለሚማር፣ ገበሬ ጋር መዋል ለሚወድ ልጅ በመጀመሪያ ዲግሪ ዕፅዋት ይሻላል እላለሁ። ሰብሉን ቀድመህ ስታውቅ አፈሩን ለምን እንደምትማረው ይገባሃል። ካርታ፣ ልኬት፣ ተዳፋት፣ ጎርፍ የሚስብህ ከሆነ ግን ወደ ተፈጥሮ ሀብቱ ሂድ። እዚያ ከገባህ የሰብል ኮርሶችን ከሌላ ዲፓርትመንት ልጆች ሃንድአውት ተውሰህም ቢሆን አንብብ።

ወደ አባትህ ልምጣ። ያሉት ነገር ቀላል አይደለም። የጎማ ቡና ገበሬ ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረው ብዙ ነገር ያውቃል። የቱ ዛፍ ጥላው ለቡና እንደሚስማማ፣ ሰሳና ዋንዛ ብርብራም የት መቆም እንዳለባቸው፣ የትኛው ጥግ ብርድ እንደሚበዛበት ያውቃል። አክብረህ ስማቸው። ጻፈውም።

ዩኒቨርሲቲው የሚጨምርልህ «ለምን» የሚለውንና ልኬቱን ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። አባትህ «ዘንድሮ ቡናው አረፈ» ሲሉ ሰምተህ ይሆናል። አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ይሰጣል፤ በዓመቱ ይነጥፋል። ምክንያቱን የተክል ፊዚዮሎጂ ይነግርሃል። ዓረቢካ ቡና በዋናነት የሚያፈራው ባለፈው ወቅት ባደገው የቅርንጫፍ ክፍል ላይ ነው። ፍሬ ሲበዛበት የቅጠሉ ምግብ ሁሉ ወደ ፍሬው ይሄዳል፤ አዲስ እንጨት ሳያበቅል ክረምቱ ያልፋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚይዝበት ቦታ የለውም። ይህን ካወቅክ ግረዛው መቼና ምን ያህል መሆን እንዳለበት፣ ጥላው ለምን የፍሬውን ብዛት እንደሚያመጣጥን፣ ፍግና ኮምፖስት የትኛው ወር ላይ ቢገባ እንደሚጠቅም መናገር ትችላለህ። አባትህ ያዩትን አንተ በምክንያት ታስረዳለህ። ያን ቀን ክርክሩ በራሱ ያበቃል።

ደግሞ እሳቸው ማሳ ላይ ዩኒቨርሲቲና ምርምር ያመጣው ነገር ቀድሞውንም ሳይኖር አይቀርም። 74110 ወይም 74112 የሚባል ቡና ተክለው እንደሆነ ጠይቃቸው። እነዚህ ቁጥሮች ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ፈንገስ ነው፤ አረንጓዴውን ፍሬ ያጠቁረዋል፣ ያደርቀዋል። የዝናቡ አገር ቡና በጣም ተጎዳ። ተመራማሪዎች መፍትሔውን ፍለጋ ወደ ቡና ደኖቹና ወደ ገበሬው ማሳ ነው የገቡት። ዙሪያው ታሞ እሱ ብቻ ንጹሕ ሆኖ የቆመ የቡና ዛፍ ይፈልጋሉ። ካገኙ ምልክት ያደርጉበታል፣ ዘሩን ይወስዳሉ፣ እየዘሩ በሽታውን ሆን ብለው ያስይዙትና ይፈትሹታል። በ74 የሚጀምሩት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ከተመረጡት ናቸው። ይህ ሥራ የተመራው ከጅማ ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ግድም ከሚርቀው ከመልኮ የምርምር ማዕከል ነው። አንተ በታክሲ የምትደርስበት ቦታ ማለት ነው።

ፍለጋው እዚህ አገር ሊሳካ የቻለው ዓረቢካ ቡና የተፈጠረው በእኛው ደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ ስለሆነ ነው። የዘር ልዩነቱ እዚህ ነው ያለው። ሌላው ዓለም የሚያመርተው ዓረቢካ ከጥቂት ዛፎች የተራባ ስለሆነ የዘር ልዩነቱ ጠባብ ነው። በለጠ ጌራ ደን ውስጥ ገብተህ ሁለት የቡና ዛፍ ጎን ለጎን ብታይ የቅጠሉ ስፋት፣ የአዲሱ ቅጠል ቀለም፣ የፍሬው ቅርጽ ይለያያል። ዘረመል ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩህ ይህን በዓይንህ አይተህ ከሆነ የምትቀመጠው፣ ትምህርቱ ሌላ ነው የሚሆንልህ። ዓረቢካ 44 ክሮሞዞም እንዳለው፣ ሮቡስታን የመሰሉት ሌሎቹ የቡና ዓይነቶች ግን 22 ክሮሞዞም ብቻ እንዳላቸውም ትማራለህ። ለዚህ ነው ከሮቡስታ ጋር ማዳቀል እንዲህ በቀላሉ የማይሆነው።

አሁን ያስፈራህ ኬሚስትሪ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳትማረው አታመልጥም። ግን የምትፈልገው ኬሚስትሪ ጠባብ ነው። ፒኤች ምን እንደሆነ፣ ቻርጅ ምን እንደሆነ፣ ቲትሬሽን እንዴት እንደሚሠራ፣ ሞልን ወደ ግራም መቀየር። እነዚህን አራቱን አጥብቀህ ከያዝክ የአፈር ኬሚስትሪ ይከፈትልሃል።

ላብ ውስጥ የምታደርገውን ልግለጽልህ። በጥላ የደረቀ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት የተነፋ አፈር 10 ግራም ትመዝናለህ። 25 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ትጨምርበታለህ። ታማስለዋለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ኤሌክትሮዱን ትከትበታለህ። 5.0 አነበብክ እንበል። ከ6.0 ጋር ስታስተያየው ልዩነቱ አንድ ቁጥር ይመስላል፤ የሃይድሮጅን አዮኑ ግን አሥር እጥፍ ነው። ቀጥሎ በፖታሲየም ክሎራይድ አፈሩን አጥበህ የተያዘውን አሲድ ታወጣለህ። አሲዱ ሲያልቅ ቀለም የሚቀይረውን ፌኖልፍታሊን ጥቂት ጠብታ ትጨምርና አሲዱን የሚያጠፋውን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከቡሬቱ፣ መጠን ከተጻፈበት ረጅም ቱቦ፣ ጠብ ጠብ ታደርጋለህ። ፈሳሹ ሮዝ ይሆንና ስትነቀንቀው ይጠፋል። እንደገና ጠብ፤ እንደገና ይጠፋል። አንዲት ጠብታ ላይ ግን ሮዙ ሳይጠፋ ይቀራል። እዚያ ላይ አቁም፤ ቡሬቱን አንብብ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ብቻ ነው። በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ 2 ሴንቲሞል (የሞል መቶኛ) አሲድ አገኘህ እንበል። 1 ሴንቲሞሉን ለማጥፋት ግማሽ ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ንጹሕ ኖራ፣ ይበቃል፤ ስለዚህ ለኪሎው 1 ግራም። አንድ ሄክታር መሬት 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብንወስድ፣ የአፈሩ ጥግግት 1.2 ከሆነ፣ 1.8 ሚሊዮን ኪሎ አፈር ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ 1 ግራም ስትል 1,800 ኪሎ ይመጣል፤ 18 ኩንታል ኖራ። ባለሙያዎች በዚህ ላይ ለሰብሉና ለኖራው ጥራት ማካካሻ ያበዙበታል። ይኸው ነው። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ካየኸው ሮዝ ቀለም ተነስተህ ዴዶ ያሉ አንድ አባወራ ስንት ኩንታል ኖራ በአህያ ማስጫን እንዳለባቸው ነገርካቸው። ኬሚስትሪ እንደዚህ ሲቀርብለት የሚጠላ ተማሪ አላየሁም።

ግን ልብ በል፤ ላቡ ያማረ ቁጥር የሚሰጥህ ናሙናው ከተስተካከለ ብቻ ነው። ብዙ ተማሪ ከማሳው ዳር፣ ለመንገድ ከሚቀርበው ቦታ፣ አንድ አካፋ ዘግኖ ይመጣል። እንደዚያ አይሆንም። ማሳውን እየተጠማዘዝክ ከ10 እስከ 20 ቦታ ላይ ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ትወስዳለህ። አጥር ሥር፣ በረት የነበረበት፣ ማዳበሪያ የተራገፈበት፣ ምስጥ ኩይሳ ያለበት ቦታ ትዘላለህ። ሁሉንም ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ቀላቅለህ 1 ኪሎ ገደማ ታስቀራለህ። ተዳፋቱንና ሜዳውን፣ ቀዩንና ጥቁሩን ለየብቻ። ዩሪያ ይዞ የነበረ ጆንያ ውስጥ የገባ ናሙና ምንም አይጠቅምህም።

ስታትስቲክስም እንደዚሁ ነው፤ ከወረቀቱ ይልቅ ማሳው ላይ ይገባሃል። ሙከራህ ተዳፋት ላይ ነው እንበል። አንደኛውን የማዳበሪያ መጠን ላይ፣ አራተኛውን ታች ብትዘራ ታችኛው ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ከላይ የታጠበው አፈርና እርጥበት ወደሱ ይወርዳላ። ስለዚህ ማሳውን ብሎክ በሚባሉ ክፍሎች ከፍለህ ብሎኮቹን ተዳፋቱን አቋርጠህ ታስቀምጣለህ፤ በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ አራቱም መጠኖች በዕጣ ይገባሉ። መጠኑንም ራስህ አስላ። በሄክታር 92 ኪሎ ናይትሮጅን ከተባለ፣ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ 200 ኪሎ ዩሪያ ነው። 3 በ4 ሜትር የሆነች ፕሎትህ፣ ማለትም የሙከራ ቁራጭ መሬትህ፣ 240 ግራም ይደርሳታል። ይህን በቃልህ ማስላት እስክትችል ተለማመድ። ገበሬ ሲጠይቅህ ካልኩሌተር ፍለጋ ኪስ መዳበስ አያምርም።

አንድ ትልቅ ክፍተት አለ፤ ማንም ስለማይነግርህ እኔ ልንገርህ። የዩኒቨርሲቲው ሰሌዳና የማሳው ሰሌዳ አይገጥሙም። ጅማ ላይ በቆሎ የሚዘራው ሚያዝያና ግንቦት ነው። አረሙና በሽታው የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ፣ ተማሪው ለእረፍት ቤቱ በገባበት ነው። የቡና ፍሬ በሽታም ጎልቶ የሚታየው ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ በሚያድግበት በክረምቱ ነው። አራት ዓመት ተምሮ የታመመች የቡና ፍሬ በእጁ ይዞ ሳያይ የሚመረቅ ልጅ አለ። በስላይድ ነው ያያት።

አንተ ግን ቤትህ ጎማ ነው። ክረምቱንና ቤት የምትሄድበትን ጊዜ ሁሉ ተጠቀምበት። ደብተር ያዝ፤ ቀኑን፣ ዝናቡን፣ ያየኸውን ጻፍ። የካቲትና መጋቢት ላይ ከደረቅ ወራት በኋላ ዝናብ ሲመታው ቡናው ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚያብብ መዝግብ። ሐምሌ ላይ ከጥላ ሥር ካለው ዛፍና ፀሐይ ከሚመታው ዛፍ ፍሬ ለቅመህ፣ ስንቱ እንደጠቆረ ቁጠር። ጥቅምት ላይ አባትህ ሲለቅሙ ከየትኛው ጥግ ስንት ኪሎ እንደወጣ ጠይቅ። ኢላዳሌ ያለው የዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅ የምርምር ቦታ ላይም ሰው ሙከራ ሲሠራ ልርዳ ብለህ ሂድ። የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪ ዕቃ የሚያቀብለው፣ ቁመት የሚለካለት ሰው ሁልጊዜ ይፈልጋል። አታፍር፤ እጅ ካልቆሸሸ ይህ ትምህርት አይገባም።

የመመረቂያ ጥናትህን በተመለከተ አሁን ሩቅ ይመስልሃል፤ ቶሎ ይደርሳል። ቡና ስለምትወድ ቡና ላይ ልሥራ ማለትህ አይቀርም። የቡና ምርት ላይ አትግባ። ቡና ከተተከለ ሦስትና አራት ዓመት ካልሆነው አያፈራም። ችግኝ ጣቢያ ላይ ግን ይቻላል፤ የጫካ አፈርና ኮምፖስት በተለያየ መጠን ቀላቅለህ የችግኙን ቁመት፣ የሥሩን ክብደት መለካት ትችላለህ። እሱም ቢሆን ዘሩ ለመብቀል ብቻ ከአንድ ወር ተኩል በላይ ስለሚወስድበት ቀድመህ ጀምር፤ ዘሩም ትኩስ ይሁን፣ የከረመ የቡና ዘር አይበቅልም። ጊዜ ካጠረህ ቦሎቄ ውሰድ። ሦስት ወር ገደማ ይበቃዋል። አፈሩን በኖራ አክመህ ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች ቁጠር፤ በምላጭ ክፈታቸውም። ውስጣቸው ቀላ ያለ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠሩም። ይህች አንዲት ምልከታ ተክልንም፣ አፈርንም፣ ባክቴሪያንም በአንድ ሙከራ ታገናኝልሃለች። ብዙ ገንዘብም አትፈልግም።

ስለ ሥራ ጓደኞችህ የሚሉት ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ድሮ የግብርና ምሩቅ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በቀጥታ ይመደብ ነበር። አሁን ውድድሩ ከባድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶ ሳታመጣ ዲግሪ የለም፤ ስለዚህ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ደብተርህን አትጣል። ሆኖም ወረዳው ብቻ አይደለም ያለው። የቡና ዩኒየኖች፣ ላኪዎች፣ የማጠቢያ ጣቢያዎች፣ የቅምሻና የጥራት ሥራ አለ። ባቱና ሆለታ አካባቢ የአበባና የአትክልት እርሻዎች አሉ። የዘር አምራቾች፣ የምርምር ማዕከላት፣ የአፈር ላብራቶሪዎች አሉ። የራስህንም መጀመር ትችላለህ። አቮካዶ ግራፍት ማድረግ፣ ማለትም የጥሩውን ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ማጣበቅ፣ ተማር። እጅህ ከለመደ ተማሪ ሆነህም ችግኝ ሸጠህ ወጪህን ትሸፍናለህ።

ቀጣሪ ፊት ከብዙ ምሩቅ የሚለይህ ነገር አለ። አንደኛው ኤክሴልና አር (R) በሚባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ላይ መረጃ መተንተን መቻል ነው፤ ሌላው የቦታ ካርታ መሥራት ነው። እነዚህን ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በራስህ ጊዜ ልመድ። ከሁሉ በላይ ግን ኦሮምኛህን ጠብቅ። የጎማ ልጅ ስለሆንክ በእጅህ ነው፤ አቅልለህ አትየው። ሽማግሌው ማሳቸው ላይ የሚነግሩህ የአፈር ስም፣ የአረም ስም፣ የበሽታ ስም የትኛውም ሃንድአውት ላይ የለም። በአስተርጓሚ የሚጠይቅ ባለሙያ ግማሹን ነው የሚሰማው።

ምርጫው ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሳምንት አለህ ብዬ ልገምት። ሁለቱም ዲፓርትመንት ሂድና የኮርስ ዝርዝራቸውን ለምን። ስንቱ ኮርስ ላብና ፊልድ እንዳለው ቁጠር። ሦስተኛ ዓመት የደረሱ ልጆችን «ባለፈው ሴሚስተር ስንቴ ማሳ ወጣችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ከዚያ ቅዳሜ ቤት ስትሄድ አባትህን አስፈቅደህ፣ ቡናው ሥር ሳይሆን ክፍት ቦታ ላይ፣ እስከ ጉልበትህ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍር። ከላይኛው አፈርና ከታችኛው ጭብጥ ጭብጥ ውሰድ። በውሃ አርጥበህ አሽው፤ በአውራ ጣትህና በጠቋሚ ጣትህ መሃል እየገፋህ እንደ ጥብጣብ አውጣው። ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ሳይበጠስ ከሄደ ሸክላማ ነው። 2.5 ሳንቲ ሜትር ሳይደርስ ከተበጠሰ ሸክላው አነስተኛ ነው። የላይኛውና የታችኛው ይለያያሉ? የት ላይ ቀለሙ ተቀየረ? ሥሩ የት ድረስ ወረደ? አባትህንም ጥራቸውና አሳያቸው፤ ስለ መሬቱ የሚያውቁትን ይነግሩሃል። ጉድጓዱ ውስጥ ቆመህ አፈሩ ይበልጥ ካጓጓህ የተፈጥሮ ሀብቱን ፎርም ላይ አስቀድም። ዓይንህ ቀና እያለ ቅርንጫፉን ካየ ዕፅዋትን ጻፍ።